84 ኤረር ያለበት ዌብሳይት ይሠራል። ታዲያ ስታንዳርድ ማሟላት ለምን?

የሐይቅ_ዳር_ኮደር | ሀዋሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሐይቅ ዳር ላለ አንድ ሎጅ ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፎቶዎችና የክፍል መያዣ ፎርም አለ። ሌሎቹ ዋጋ፣ ምግብ እና አድራሻ ናቸው። ሥራው ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። ባለቤቱም አይተው ወደውታል። ቀሪ ክፍያዬን ሊሰጡኝ ሲሉ የወንድማቸው ልጅ መጣ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ስልኩን አውጥቶ የገጹን አድራሻ የደብልዩ3ሲ ቫሊዴተር (የዌብ ስታንዳርድ የሚያወጣው ድርጅት ኮድ የሚፈትሽበት መሣሪያ) ላይ አስገባው። ቀይ በቀይ ሆነ። 84 ኤረር።

ባለቤቱ ኮድ አያውቁም። ቀይ ቀለም ግን ማንም ያውቃል። "ይሄ ሁሉ ስህተት ያለበትን ነው እንዴ ያስረከብከኝ?" አሉኝ። ደነገጥኩ። የምመልሰው አጣሁ። ዜሮ ካልሆነ ቀሪውን አልከፍልም ብለዋል።

ገጹን በክሮም፣ በፋየርፎክስ፣ በእህቴ አይፎን ደግሞ በሳፋሪ ሞክሬዋለሁ። በኦፔራ ሚኒም ከፍቼዋለሁ። ይከፈታል። ፎቶው ይታያል። ፎርሙ ይልካል። ሦስት ሰዎች ክፍል ይዘውበታል። ታዲያ ኤረር ያለው ምኑ ላይ ነው? የሚሠራ ነገር ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ሦስት ቀን ቀይ መስመር ስሰርዝ ልዋል? ወይስ ልጁ የያዘው ነገር አለ?

ክፍያው ያስፈልገኛል፣ አልዋሽም። ግን ጉዳዩን ራሱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ከዚህ በኋላ የምሠራቸውን ሁሉ እንዴት እንደምሠራ የሚወስነው እሱ ነው።

---

ቶሎ_ጨርስ | ሀዋሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ፣ ጊዜህን አታባክን። ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። "ኮድህ ስታንዳርድ ያሟላል ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። የሚጠይቁኝ ስልክ ላይ ያምራል ወይ፣ ቶሎ ይከፈታል ወይ፣ ጎግል ላይ ይወጣል ወይ ነው።

የትልልቅ ኩባንያዎችን ገጽ ቫሊዴተሩ ላይ አስገብተህ እይ። ብዙዎቹ ቀይ ናቸው። ሰው አልሸሻቸውም። ብሮውዘር የተሳሳተ ኮድ ተቀብሎ እንዲያሳይ ሆኖ ነው የተሠራው። ባለቤቱን ቁጭ አድርገህ አስረዳቸው። ስታንዳርዱን የሚያወጡት ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው። የኛን ኔትወርክ፣ የኛን ስልክ፣ የኛን ደንበኛ አያውቁትም። አንተ ግን ታውቀዋለህ።

---

ታቦር_ግርጌ | ሀዋሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ቶሎ_ጨርስ ያለው ውስጥ እውነት አለ። ብሮውዘር የተሳሳተ ኮድ ይቀበላል። ቁም ነገሩ ግን እንዴት አድርጎ እንደሚቀበለው ነው።

ብሮውዘሩ አንተ ምን ልትል እንደፈለግክ አያውቅም። የተጻፈ ሕግ ነው የሚከተለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 (ዌብሳይት የሚጻፍበት ቋንቋ ስታንዳርድ) ስህተት ሲያጋጥም ምን መደረግ እንዳለበት ደረጃ በደረጃ ይደነግጋል። ክሮምም ፋየርፎክስም ሳፋሪም አንድን የተሳሳተ ኮድ አንድ ዓይነት አድርገው የሚያሳዩህ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ በየፊናው ይገምት ነበር።

ሕጉ ግን አንዳንዴ ያላሰብከው ቦታ ይወስድሃል። ቴብል (ሠንጠረዥ) ውስጥ፣ ከሴል (ከሠንጠረዡ ሳጥኖች) ውጪ ዲቭ (የገጽ ክፍል ማቀፊያ) ብትጽፍ ብሮውዘሩ ዲቩን ነቅሎ ከቴብሉ በላይ ያስቀምጠዋል። ከዋጋ ዝርዝሩ ግርጌ የጻፍከው "ቫት አይጨምርም" አናቱ ላይ ጉብ ብሎ ታገኘዋለህ። ይሄ ቀላሉ ነው። ይታይሃል፣ ታስተካክለዋለህ።

ከባዱ የማይታየው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ማሠልጠኛ የምዝገባ ገጽ ሠራሁ። ጨርሼ ሞከርኩት፣ ሠራ። በመጨረሻው ቀን የቅናሽ ኩፖን መሞከሪያ ጨምርልን አሉኝ። ትልቁ ፎርም መሀል ትንሽ ፎርም አስገባሁ። ፎርም ውስጥ ፎርም አይፈቀድም። ብሮውዘሩ የውስጠኛውን መክፈቻ ታግ (ፎርም ይጀምራል የሚለውን የኮድ ምልክት) ጣለው። የውስጠኛውን መዝጊያ ግን የትልቁ ፎርም መዝጊያ አድርጎ ወሰደው። ከኩፖኑ በታች ያሉት ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ እና "ተመዝገብ" የሚለው ቁልፍ ከፎርሙ ውጪ ቀሩ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው። ቁልፉን ስትጫነው ግን ዝም። ዘጠኝ ቀን አንድ ሰው አልተመዘገበም። ገበያ የለም ብለው ሥልጠናውን ሊሰርዙት ነበር። ቫሊዴተር ላይ ባስገባው በአንድ መስመር ይነግረኝ ነበር። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ስለዚህ አትናቀው። ግን 84 ኤረር ማለት 84 ጥፋት ማለት አይደለም። አንዱ ጥፋት ሃምሳ ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ኤረሮቹን በዓይነት በዓይነታቸው ለጥፍልን።

---

የሐይቅ_ዳር_ኮደር | ሀዋሳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30

አመሰግናለሁ። ጠዋት ተነስቼ ለየኋቸው።

51ዱ ፎቶዎቹ ላይ ነው፣ "ይህ አትሪቢውት እዚህ አይፈቀድም" ይላል (አትሪቢውት ታግ ላይ የሚጨመር መረጃ ነው)። 16ቱ ዱፕሊኬት አይዲ ነው፣ አንድ መለያ ስም ገጹ ላይ ሲደገም ማለት ነው። 14ቱ የተጠቀምኩበት የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የሚጨምራቸውን አትሪቢውቶች አላውቃቸውም ይላል። ሦስቱ ሄድ (ስለ ገጹ መረጃ የሚያዝበት አናት) እና ቦዲ (የሚታየው የገጹ አካል) የሚሉት ታጎች ላይ ነው፣ እነሱን አልገባኝም።

---

ታቦር_ግርጌ | ሀዋሳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:10

51ዱ አንድ ጥፋት ነው። የፎቶውን መግለጫ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ነው የጻፍከው አይደል? አልት፣ እኩል ይሆናል፣ ከዚያ ቀጥታ "የሀዋሳ ሐይቅ ፀሐይ ስትጠልቅ" ብለሃል። ጥቅስ ከሌለ ብሮውዘሩ የመጀመሪያው ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ መግለጫው አለቀ ይላል። መግለጫህ "የሀዋሳ" ብቻ ሆነ። "ሐይቅ"፣ "ፀሐይ"፣ "ስትጠልቅ" ራሳቸውን የቻሉ አትሪቢውቶች ሆነው ተቆጠሩ። እያንዳንዳቸው አንድ ኤረር። አስተውል፣ እንግሊዝኛ ላይ አንድ ቃል ስትጽፍ ኖረህ አማርኛ ላይ ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ነው የሚያጋልጥህ።

14ቱን የፍሬምወርክ ነገር ተዋቸው። ማንንም አይጎዱም።

ሦስቱን ግን እያቸው። ሄድ ውስጥ ዲቭ አለ ማለት ነው። ምናልባት ከሆነ ቦታ ገልብጠህ የለጠፍከው የቻት ወይም የቆጣሪ ኮድ ይሆናል። ብሮውዘሩ ዲቭ ሲያይ ሄድ አለቀ ብሎ ቦዲን ይጀምራል። ከዲቩ በታች የጻፍካቸው የገጹ መግለጫና ሌሎች ሜታ ታጎች ሁሉ ቦዲ ውስጥ ይወድቃሉ። ጎግል በመመሪያው ላይ ሄድ ውስጥ የማይፈቀድ ነገር ካገኘ ከሱ በኋላ ያለውን እንደማያነብ ጽፏል። ሎጁን ጎግል ላይ ሲፈልጉት መግለጫው ካልወጣ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

16ቱ ዱፕሊኬት አይዲ አስግቶኛል። ፎርሙ ገጹ ላይ ሁለት ቦታ አለ እንዴ?

---

የሐይቅ_ዳር_ኮደር | ሀዋሳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:25

አዎ። አንዱ ለኮምፒውተር፣ አንዱ ለስልክ። እንደ ስክሪኑ ስፋት አንደኛው ይደበቃል። ኮዱን ቀድቼ ነው የለጠፍኩት። አይዲዎቹም አብረው ተቀድተዋል።

---

ጆሮዬ_ያነባል | ሀዋሳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:15

ሰላም። እኔ ኮድ አልጽፍም። ዓይነ ስውር ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ዌብሳይት የምጠቀመው በስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብልኝ ሶፍትዌር ነው። የሎጁን ገጽ ፈልጌ አግኝቼ ሞከርኩት። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ላፕቶፔ ላይ ኤንቪዲኤ በሚባለው ስክሪን ሪደር ከፈትኩት። ኤንቪዲኤ ነፃ ነው፣ ብዙዎቻችን እሱን ነው የምንጠቀመው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር የአማርኛ ድምፅ አለው። ድምፁ ሻካራ ነው ግን ለምጄዋለሁ። ችግሩ ገጽህ ራሱን እንግሊዝኛ ነኝ ይላል። ቴምፕሌቱ ከውጪ የመጣ መሰለኝ። ስለዚህ ስክሪን ሪደሩ የእንግሊዝኛውን ድምፅ ይጠራና የአማርኛ ጽሑፍ ይሰጠዋል። የሚወጣው ነገር ቋንቋ አይደለም። በእጄ ወደ አማርኛ ቀየርኩትና ቀጠልኩ።

ፎቶዎቹ ላይ ደረስኩ። "የሀዋሳ፣ ምስል።" ቀጠልኩ። "የሀዋሳ፣ ምስል።" "ሰፊ፣ ምስል።" "የሀዋሳ፣ ምስል።" ሰፊ ምን? አልጋ ይሁን በረንዳ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ታቦር_ግርጌ የጻፈውን ሳነብ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ።

ፎርሙ ግን ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ነው። ሙሉ ስም አለኝ፣ ስልክ አለኝ፣ የመግቢያ ቀን አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ስልኬ ላይ በቶክባክ (የአንድሮይድ ስክሪን ሪደር) ከፈትኩት። "ኤዲት ቦክስ።" ጣቴን ወደ ቀኝ ሳብ አደረግኩ። "ኤዲት ቦክስ።" እንደገና። "ኤዲት ቦክስ።" ስምንት ጊዜ። የቱ ስም፣ የቱ ስልክ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ከላፕቶፑ ቅደም ተከተሉን አስታውሼ ልሞላው እችላለሁ። ላፕቶፕ የሌለው ሰው ግን እዚያው ላይ ነው የሚቀረው።

እንዲህ ዓይነት ፎርም ሲያጋጥመኝ የማደርገው አንድ ነው። ሌላ ሰው ጠርቼ ስልኬን እሰጠዋለሁ። ስሜን፣ ስልኬን፣ የት እንደማድር እሱ ይሞላልኛል። በዚህ ዕድሜዬ ለዚህ ሰው ባልጠራ ደስ ይለኛል።

---

ታቦር_ግርጌ | ሀዋሳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ወንድሜ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ ስልክ ላይ እምቢ ያለው ለምን እንደሆነ ቁልጭ አድርገህ አሳየኸን።

"ሙሉ ስም" የሚለው ሌብል (የሳጥኑ መጠሪያ) ሳጥኑን የሚያገኘው በአይዲ ነው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ተመሳሳይ አይዲ ካለ የመጀመሪያውን ይይዛል። የመጀመሪያው የኮምፒውተሩ ፎርም ነው። ስልክ ላይ እሱ ተደብቋል። የሁለተኛው ፎርም ሌብሎች በሙሉ የሚጠቁሙት የተደበቀውን ነው። የሚታየው ሳጥን ስም የለውም። ዓይን ያለው ሰው ከጎኑ የተጻፈውን አንብቦ ስለሚሞላው አይነቃም። ስልክህ ላይ "ሙሉ ስም" የሚለውን ጽሑፍ ራሱን ንካው። ጠቋሚው ሳጥኑ ውስጥ መግባት ነበረበት። አይገባም።

---

ሜጋ_ቆጣቢ | ሀዋሳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ኦፔራ ሚኒ ላይ ከፍቼዋለሁ ላልከው፣ ፎርሙንም ልከህ ሞክረው። ዳታ በሚቆጥብበት ሁናቴ ገጹ የሚሠራው ስልክህ ላይ ሳይሆን ኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው፣ ወደ አንተ የሚመጣው ተጨምቆ ነው። ጃቫስክሪፕት እንደልብ አይሠራም። ትክክለኛ ፎርምና ትክክለኛ ቁልፍ ከሆነ ይሄዳል። ዲቭ ቁልፍ አስመስለህ በጃቫስክሪፕት ካደረግከው ሊቀር ይችላል። እኔ ወር እስኪያልቅ ሚኒ ላይ ነኝ፣ እንደኔ ያለው ብዙ ነው።

---

መምህር_ከአቶቴ | ሀዋሳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:10

ልጆች፣ ውይይታችሁን ስከታተል አመሸሁ። ቶሎ_ጨርስ ስታንዳርድ የማዶ ሰዎች ጉዳይ ነው ያልከውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ በአማርኛ መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው፣ ስታንዳርድ ባልነበረበት ጊዜ። የፊደል ሶፍትዌር ሁሉ የየራሱ አቀማመጥ ነበረው። ስክሪን ላይ "ሰ" ይታይሃል እንጂ ከሥር ያለው የላቲን ፊደል ነው። የግዕዙ ቅርጽ ላዩ ላይ የተለበጠ ሥዕል ነበር። ፈተና አዘጋጅቼ በዲስኬት ለባልደረባዬ እሰጠዋለሁ። እሱ ቤት ያለው ሶፍትዌር ሌላ ነው። ሲከፍተው ቅንፍ፣ ነጥብ፣ የዶላር ምልክት ይሆንበታል። አብሬው ፎንቱን ጭኜ ካልሰጠሁት አያነበውም። ኢንተርኔት ላይ አማርኛ ማውጣት የፈለገ ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ ይለጥፍ ነበር። ፎቶ ውስጥ ያለን ቃል ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 (ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ሲወጣ ፊደላችን የራሱን ቁጥር አገኘ። "ሀ" በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1200 ናት። ሀዋሳ ብትጻፍ፣ ጎንደር ብትነበብ፣ ቶኪዮ ብትፈለግ ያው 1200 ናት። በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ፎንት አብሮ መስጠት ቀረ። ይሄን ክር በአማርኛ የምንጽፈው በዚያ ስታንዳርድ ነው።

አሁንም ቢሆን ገጹ ዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ፊደሎች ፋይል ላይ የሚጻፉበት መንገድ) መሆኑን ካልተናገርክ ያ ዘመን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። አንዷ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ትይዛለች። ብሮውዘሩ በላቲኑ መንገድ ካነበባት ሦስት ባዕድ ምልክት ሆና ትወጣለች። ይሄን የሚከለክለው አንድ መስመር ነው። ያውም ከፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ከሄድ አናት ላይ አድርጉት።

ደግሞስ አያውቁንም ያለው ማነው? ሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ዝርዝርን በ፩፣ ፪፣ ፫ የሚቆጥር የራሱ ቃል አለው። ጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፣ ምንም ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ሳትጨምር። ደብልዩ3ሲ ስለ ግዕዝ ጽሑፍ አደራደር ራሱን የቻለ ሰነድ አለው። የቃል መለያ ሁለት ነጥብ መስመር መጨረሻ ላይ ምን ይሁን የሚለው ሳይቀር ተጽፏል። እነዚህ ሁሉ የገቡት ጉዳዬ ብሎ የተከራከረ ሰው ስለነበረ ነው። ኮደር ልጄ፣ እግረ መንገድህን ፎርምህ ላይ ያለውን የመግቢያ ቀን እየው። እንግዳው መስከረም 5 ሲል በየትኛው አቆጣጠር ነው?

---

ቶሎ_ጨርስ | ሀዋሳ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:30

መምህር፣ ስለ ፊደሉ ያሉትን ተቀብያለሁ። የማዶ ሰዎች ያልኩትን አንስቻለሁ። ጆሮዬ_ያነባል፣ ያንተን ማታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኔንም ሥራዎች እንዲህ አድርጎ የሞከረ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ።

ግን ዋናውን ሐሳቤን አልተውም። ዜሮ ኤረር ግብ መሆን የለበትም። ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 (የኤችቲኤምኤል ጥብቅ ዓይነት) ሲወጣ ሁሉም ኮድ ጥንቅቅ ይበል ተባለ። በዚያ መንገድ በጥብቅ ካስኬድከው አንድ ታግ ሳትዘጋ ብትቀር ገጹ አይከፈትም፣ የስህተት መልእክት ብቻ ነው የሚታየው። ሰው አልቀበል አለ። በ2004 አፕል፣ ሞዚላና ኦፔራ የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ሌላ መንገድ ጀመሩ። በ2009 ደብልዩ3ሲ ራሱ የኤክስኤችቲኤምኤል 2ን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። ያሸነፈው ስህተትን የሚታገሠው መንገድ ነው።

ሌላም አለ። ደብልዩ3ሲ ዌብሳይት ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች ያወጣው የተደራሽነት መመሪያ ውስጥ ኮዱ በትክክል የተዋቀረ ይሁን የሚል አንቀጽ ነበር፣ 4.1.1 የሚባለው። በ2023 በወጣው የመመሪያው እትም 2.2 ላይ አነሱት። ጎግልም ቢሆን ኮዱ ቫሊድ መሆኑን ለደረጃ አልጠቀምበትም ብሏል። ታዲያ አንድ ወጣት ክፍያው በዜሮ ላይ መንጠልጠሉ ትክክል ነው? የሌብሉን ነገር ያስተካክል። 14ቱን የፍሬምወርክ ኤረር ለማጥፋት ሥራውን እንደ አዲስ ይጻፍ ማለት ግን ጉልበት መብላት ነው።

---

ታቦር_ግርጌ | ሀዋሳ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:40

በዜሮው ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። 14ቱን ከመጀመሪያውም ተዋቸው ብያለሁ።

4.1.1 የተነሳው ግን ጉዳዩ ስለማይረባ አይደለም። ስክሪን ሪደርና መሰል መሣሪያዎች ኮዱን ራሳቸው በቀጥታ ማንበባቸው ስለቀረ አንቀጹ ለብቻው የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀረ። ሳጥኑ ስም ይኑረው የሚለው መስፈርት ዛሬም አለ። የኛ ወንድም ስምንት ጊዜ "ኤዲት ቦክስ" የሰማበት ፎርም ዛሬም ይወድቃል።

ደግሞ ቫሊዴተሩን ብቻ ብናምንም እንሳሳታለን። ቋንቋው እንግሊዝኛ ተብሎ መጻፉን ከ84ቱ ውስጥ አንዱም አልጠቀሰውም። ጨርሶ ሳይጻፍ ቢቀርም ማስጠንቀቂያ እንጂ ኤረር አይለውም። ሌብል የሌለው ሳጥንም ለሱ ቫሊድ ነው። 14 የማይጎዱ ቀይ መስመሮች ቆጥሮ ትልቁን ጥፋት ዝም ያለበት ገጽ ነው ይሄ። ስለዚህ ቫሊዴተሩን እንደ መብራት ተጠቀምበት። ያበራልህን እያንዳንዱን አንተ ሄደህ እየው፣ ማን እንደሚጎዳበት ጠይቅ። አንዳንዱን ትተወዋለህ፣ አንዳንዱ ላይ እንቅልፍ ታጣለህ።

---

ባለ_ፔንሲዮን | ሀዋሳ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:20

እኔ የምከፍለው ወገን ነኝ። መናኸሪያ አካባቢ ፔንሲዮን አለኝ። ስለ ኮድ አላውቅም፣ ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ዌብሳይት አሠራሁ። የሠራው ልጅ ከሀገር ወጣ። ከዓመት በኋላ የክፍል ዋጋ ጨመርኩና እንዲቀይርልኝ ሌላ ልጅ ጠራሁ። ሁለት ቀን ታግሎ "እማማ፣ ይሄ ውስጡ የተተበተበ ነው፣ አንዱን ስነካ ሌላው ይፈርሳል፣ ከአዲስ ልሥራልዎት" አለኝ። ዋጋ ለመቀየር ሙሉውን እንደገና ከፈልኩ። ሁለተኛው ልጅ የተማረበትን ሕግ የመጀመሪያውም ተከትሎት ቢሆን ይሄ ይደርስብኝ ነበር? ስታንዳርድ ማለት ይሄ ከሆነ እኔ እፈልገዋለሁ። ቀዩን ሳይ ግን እንደ ሎጁ ባለቤት እኔም እደነግጥ ነበር። የሚያስረዳኝ ሰው ካገኘሁ እሰማለሁ።

---

የሐይቅ_ዳር_ኮደር | ሀዋሳ | እሑድ፣ ከቀኑ 10:15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ማታ ተቀመጥኩ። 51ዱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ፎቶዎቹ 14 ናቸው፣ ጥቅስ ጨመርኩ። እግረ መንገዴን መግለጫዎቹን እንደገና ጻፍኳቸው። "ሰፊ አልጋ፣ በረንዳው ወደ ሐይቁ የዞረ" ዓይነት። ሄድ ውስጥ የነበረው ዲቭ የቻት ኮድ ነበር፣ ወደ ቦዲ መጨረሻ አወረድኩት። ሦስቱም ጠፉ። ቋንቋውን አማርኛ አልኩት።

ፎርሙ ላይ ነው የቆየሁት። መጀመሪያ የሁለተኛውን አይዲዎች ስም ልቀይር ነበር። ከዚያ ለምን ሁለት ፎርም አስፈለገኝ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አንዱን አጠፋሁት። የቀረውን በሲኤስኤስ ስልክም ላይ ኮምፒውተርም ላይ እንዲስማማ አደረግኩት። 16ቱ ኤረር ጠፋ፣ ገጹም ቀለለ። ከቀኑ ሥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ያሳያል። መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት ያለ ላይብረሪ ሠራ። ሜጋ_ቆጣቢ፣ ኦፔራ ሚኒ ላይ ፎርሙን ልኬ ደርሶኛል።

በድምሩ አንድ ምሽት ነው የፈጀብኝ። የፈራሁት ሦስት ቀን ነበር።

ቅዳሜ ሎጁ ሄድኩ። 14 ኤረር ቀርቷል። ልጁም ነበረ፣ ቫሊዴተሩን ከፈተው። ባለቤቱ "አሁንም ቀይ አለ" አሉ። ቶክባክ ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው። ስክሪኑን አጥፍቼው ነበር። አሮጌውን ገጽ ኮፒ አስቀምጬ ስለነበር መጀመሪያ እሱን አስሰማኋቸው። ጣታቸውን ሳብ እያደረጉ አራተኛው "ኤዲት ቦክስ" ላይ ሲደርሱ "ምን ልጻፍ ታዲያ እዚህ?" አሉኝ። ከዚያ አዲሱን ከፈትኩላቸው። "ሙሉ ስም። ኤዲት ቦክስ።" "ስልክ ቁጥር። ኤዲት ቦክስ።" ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት። 14ቱ ምን እንደሆኑ፣ ለምን እንደተውኳቸው ለልጁ እያሳየሁ አስረዳሁት። ገባው። ለአጎቱ የነገራቸው እሱ ነው።

ክፍያው ተፈጽሟል። ባለቤቱ ሲሸኙኝ እናታቸው ዓይናቸው ከደከመ ዓመታት እንደሆነ ነገሩኝ። ድምፁ እናታቸው ስልክ ላይም ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ጆሮዬ_ያነባል፣ ጊዜ ካለህ አንዴ ደግመህ ታየዋለህ?

---

ጆሮዬ_ያነባል | ሀዋሳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:05

አየሁት። ፎርሙን ብቻዬን ሞላሁት፣ ለሙከራ ነው፣ ሰርዘው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በረንዳው ወደ ሐይቁ የዞረውን ክፍል መረጥኩ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ላይ ቀኝ ጥግ ያለው ነገር "በተን" ብቻ ይላል። ምን እንደሚያደርግ አልነገረኝም። ስነካው ሜኑ ተከፈተ።

---

የሐይቅ_ዳር_ኮደር | ሀዋሳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:12

ሦስቱ መስመር ምልክት ነው። ጽሑፍ የለውም፣ አይከን ብቻ ነው። ቫሊዴተሩም ምንም አላለኝም። አሁኑኑ "ሜኑ" የሚል ስም እሰጠዋለሁ። አሥር ደቂቃ ቆይተህ ክፈተው።